ማሰሮ ውስጥ የነበረው ድምፃችን

በዚያ እሑድ ድንኳኑ ውስጥ የነበርነው እነዚህ ነን። የእድራችን ዳኛ ኦቦ ገመቹ፣ የፋብሪካው በር ጠባቂ፣ ማሰሮውን በሁለት ጉልበታቸው መካከል ይዘው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። የማጠንጠኛ ክፍላችን አለቃ ካቦ ሰይፉ አዲስ ኮት ለብሶ ቆሟል። አጠገቡ ከቢሮ የመጣ ጸሐፊ አለ፤ ስሙን እስከ ዛሬ አላውቀውም። ባለሱቁ ሐጂ ሙዲን ከበሩ አጠገብ በርጩማ ላይ ናቸው። በቀኝ በኩል የሽመና ክፍል ወንዶች፣ በግራ የማጠንጠኛ ክፍል ሴቶች። ከሴቶቹ ፊት ሥራ ያስተማሩኝ አዴ ሶሬቲ ተቀምጠዋል። ከእሳቸው ጀርባ እኔ፣ የመጀመሪያ ልጄን ጡት አስይዤ። የፋብሪካው ባለቤት ገና አልመጣም ነበር። ስሙን አልጽፈውም፤ እሱም ልጆች አሉት፣ እኔም ልጆች አሉኝ። ያን ጊዜ ጌታው እንለው ነበር፣ እዚህም ጌታው እለዋለሁ።

ደረቴ እምቢ ስላለኝ ከሥራ ወጥቻለሁ። በንጉሡ ጊዜ ሰበታ ጀምሬ፣ ቡራዩ ሠርቼ፣ ሱሉልታ ጨረስኩ። የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ልጆቼ «እማዬ፣ ያለፈውን ነገር ተዪው» ይሉኛል። አልተውኩትም፤ እንዳስታወስኩት እጽፈዋለሁ።

ፋብሪካ የገባሁት ባሌ ታሞ በተኛ ጊዜ ነው። ቤታችን ፉሪ ዳገቱ ላይ ነበር፤ ጎህ ሳይቀድ ቁልቁል ወርጄ ለጠዋቱ ፈረቃ እደርሳለሁ። በመጀመሪያው ቀን ሰይፉ ከአዴ ሶሬቲ አጠገብ አቆመኝና «አሳያት» ብሎ ሄደ። ሴትየዋን እንደ ወንድ መጥራቱ ቀልድ መሆኑ ነው። አዴ ሶሬቲ ዞር ብለውም አላዩት።

የተጂ ሰው ነበሩ። አማርኛቸው ውስጥ ኦሮምኛው ሳይጠሩት ይገባል። «ኢንተላ ኮ» ይሉኛል፣ ልጄ ማለታቸው ነው። ሥራ ከመጀመራቸው በፊት እጃቸውን በአመድ ይታጠባሉ፤ ቅባት ያለበት እጅ ክር ያቆሽሻል። የተበጠሰ ክር ሲቀጥሉ በጥርስ ቆርጠው አያውቁም። ሁለቱን ጫፎች በአውራ ጣትና በጠቋሚ ጣት መሐል ያጠላልፏቸውና ቋጠሮውን በጥፍራቸው ያስተኙታል። ከዚያ በመዳፋቸው ሳይሆን በእጃቸው ጀርባ ይዳስሱታል። «መዳፍሽ ደንድኗል፣ ይዋሽሻል። የእጅሽ ጀርባ ግን ገና ሕፃን ነው» አሉኝ። ቋጠሮው በእጅ ጀርባ ከተሰማ ፈትተው እንደገና ያስሩታል። ሸማኔው ጋ ሲደርስ የሚበጠሰው እሱ ነውና።

ረጅሙን የክር ረድፍ የሚጠብቁትም በራሳቸው መንገድ ነበር። እኛ እያንዳንዱን ክር ስናይ ዓይናችን ይደክማል። እሳቸው ረድፉ ጫፍ ላይ ጎንበስ ይሉና ከመስኮቱ ብርሃን አንጻር አሻግረው ያያሉ። የተበጠሰው ቦታ እንደ ወለቀ ጥርስ ክፍት ሆኖ ይታያቸዋል። በበጋ ደረቅ ነፋስ ሲነሳ የክሩ መበጠስ ይበዛል፤ ሰይፉ ደግሞ በተበጠሰ ቁጥር ከደመወዛችን ያስቆርጣል። አዴ ሶሬቲ መስኮቱን ዘግተው ወለሉ ላይ ውኃ ይረጫሉ። አየሩ ሲረጥብ ክሩ ይጸናል። ይህን ለአዲስ ሴት ሁሉ ያስተምራሉ፣ ሳይጠየቁ።

ማሽኖቹ ሲነሡ አጠገብ የቆመ ሰው አይሰማም። ስለዚህ በእጅና በከንፈር እናወራለን። ጆሮ መቆንጠጥ ካቦው መጣ ማለት ነው። ደረትን በመዳፍ መታ መታ ማድረግ ለቅሶ አለ ማለት ነው። ይህችን የደረት ምልክት ከሁሉ አስቀድመው ያስተማሩኝ አዴ ሶሬቲ ናቸው። ምክንያቱ የገባኝ ቆይቶ ነው።

ያን ጊዜ ሠራተኛ ተሰብስቦ መነጋገር አይችልም። ለስብሰባ ፈቃድ አምጡ ይሉናል። ለፈቃድ ዋስ አምጡ ይሉናል። ዋሱ ባለ ርስት ይሁን ይሉናል። እኛ የምናውቀው ባለ ርስት ጌታው ብቻ ነበር። ለለቅሶ ግን ፈቃድ የሚጠይቅ የለም። ስለ ደመወዝ መቆረጥ፣ እርጉዝ ስለምትባረር ሴት፣ ስለ ሁሉም ነገር የምንነጋገረው በእድራችን ድንኳን ሥር ነበር።

እድሩም የእኛ ነበር። አብዛኛው ሰው መጻፍ ስለማይችል የምንመርጠው በእህል ነው። ለእያንዳንዱ አባል አንድ ፍሬ ባቄላና አንድ ፍሬ ሽንብራ ይታደላል። ባቄላው እሺ ነው፣ ሽንብራው እምቢ። ማሰሮው በነጠላ ይሸፈናል። ሰው እጁን ጨብጦ ያስገባል፣ አንዱን ይጥላል፣ ሌላውን ጨብጦ ያወጣል። ማን ምን እንደጣለ የሚያውቅ የለም። ካቦውም አንድ ፍሬ፣ ጠራጊዋም አንድ ፍሬ። እኔ በሕይወቴ ከሰው እኩል ነኝ ብዬ ያሰብኩት እጄን እዚያ ማሰሮ ውስጥ ሳስገባ ነው።

ድንኳን አልነበረንም። ሐጂ ሙዲን ከሱቃቸው ሸራ ያውሱናል፤ አሮጌ ስለሆነ ክረምት ላይ ለቀስተኛው ይበሰብሳል። ይህን ያየ ጌታው አንድ ቀን ትልቅ ነጭ ድንኳን ከነአግዳሚው ገዝቶ ላከልን። እልል አልን። አዴ ሶሬቲም እልል ብለዋል። ሙታችን የክብር ጥላ አገኘ፣ ማን ይጠላል?

ድንኳኑ ግን የሚቀመጠው በፋብሪካው መጋዘን ሆነ። ቁልፉ ሰይፉ እጅ ገባ። መጀመሪያ «ማን ሞተ?» ብሎ ይሰጠን ነበር። ቆይቶ «ባለፈው ለቅሶ ላይ ምን ተወራ? ማን ተናገረ?» ማለት ጀመረ። መልሱን ሳያገኝ ቁልፉን ፈልጎ አያገኘውም።

አለሚቱ የምትባል የክፍላችን ሴት ነበረች። ባሏ የሽመና ሠራተኛ ነው፤ ደመወዛችን ለምን ይቆረጣል ብሎ በለቅሶ ላይ ተናግሯል። ልጃቸው በኩፍኝ ሞተችባቸው። ክረምት ነው። ሰይፉ ዘንድ ሰው ሄደ፣ «ቁልፉ ጠፍቷል» ተባለ። በነጋታው ሄደ፣ «እየተፈለገ ነው» ተባለ። የሐጂን አሮጌ ሸራ አወጣን፤ አይጥ በልቶታል። እንጨትም ስላልበቃ አንዱን ጫፍ እኔ በእጄ ይዤ ቆምኩ። ውኃው በክንዴ ይወርዳል። አለሚቱ አስከሬኑን እያየች «ልጄን ዝናብ መታት» አለች።  እኔ በሆዴ ልጅ ይዤ ነበር። 

ክረምቱ አልፎ እኔም ከወለድኩ በኋላ በነበረው የእድር ቀን አዴ ሶሬቲ ተነሥተው «ይህን ድንኳን ለባለቤቱ እንመልስ። የማዘዣ ገመድ ያለው ስጦታ አንፈልግም» አሉ። ማሰሮው ቀረበ። ሲቆጠር ሽንብራው ጥቂት ነው፤ ይመለስ የሚለው በለጠ። ጌታው የሰጠው መልስ በሰይፉ በኩል መጣ። የድንኳኑ ነገር በይደር ይቆይ፤ በሚመጣው እሑድ ግን የእድሩ ዳኛ ጌታው ራሱ ይሁን የሚል ሐሳብ ይቀርባል ተባለ።

ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም ገብቶናል። ዳኛ ከሆነ የፈለገውን ከእድር ያስወጣል። ከእድር የወጣ ሰው ሲሞት የሚያነሣው የለም። በዚያ ላይ የምንነጋገርባት አንዲት ቦታ የእሱ ትሆናለች።

ያ እሑድ ነው እንግዲህ መጀመሪያ ላይ የጻፍኩት። ባቄላና ሽንብራው ታድሏል። ሰይፉ ንግግር ጀመረ።

«ወገኖቼ፣ ነገሩን አናስረዝመው። የተቀመጣችሁበትን አግዳሚ ማን ሰጣችሁ? ጌታው ዳኛችን ይሁኑ የሚል ሐሳብ ቀርቧል።»

«እህሉ ታድሏል» አሉ ኦቦ ገመቹ። «በማሰሮው ይሁን።»

«የምን ማሰሮ ነው፣ ኦቦ? ወጥ ልንሠራ ነው የመጣነው?»

ከወንዶቹ የሳቁ ነበሩ። አዴ ሶሬቲ ቀና ብለው «ሰይፉ፣ ካቦ ሳትሆን አንተም በዚህ ማሰሮ መርጠሃል። ያን ጊዜ እጅህን አቃጠለህ?» አሉት። አሁን ሴቶቹ ሳቁ።

ሰይፉ ወደ በሩ ያይ ነበር። በሩ ላይ የቆመ ሌላ የፋብሪካ ዘበኛ ቆቡን አወለቀና መልሶ አደረገ። እኔ ልጄን እያጠባሁ ወደዚያ ዞሬ ስለነበር አየሁት፤ አዴ ሶሬቲም አይተውታል። ወዲያው የመኪና በር ተዘጋ። ጌታው ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ገባ።

ሁሉም ብድግ አለ። እንዲያ ነው ያደግነው። ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀምጦ መጠበቅ ነውር ነው፤ ጠላትህም ቢሆን ትነሣለታለህ፣ ተቀመጡ እስኪልህ ትቆማለህ። የሰው ልጅ ሲያስነጥሰው «ይማርህ» እንደማለት ነው፣ ማንም አያስብበትም። ሰው ሁሉ ቆሞ ሳለ ሰይፉ ጮክ ብሎ «ጌታው ዳኛ ይሁኑ የሚል ብድግ ይበል» አለ። ልብ በሉ፣ ይህን ያለው ሰው ከተነሣ በኋላ ነው። ጸሐፊው ብዕሩን አነሣ።

«ተቀመጡ፣ በእግዜር» አለ ጌታው። «እንዲህ በአንድ ልብ ስለመረጣችሁኝ አመሰግናለሁ።»

ሰው ተቀመጠ። ጉዳዩ የገባቸው ሲቀመጡ ነው። ኦቦ ገመቹ ማሰሮውን እንደያዙ ቀሩ። አዴ ሶሬቲ ግን ከመጀመሪያውም አልተነሡም ነበር፤ እኔም ልጄን ይዤ ከኋላቸው እንደተቀመጥኩ ነበርኩ።

ጌታው አያቸው። «አንቺ፣ እግርሽን ያምሻል?»

«እግሬ ደኅና ነው፣ ጌታዬ። እኔ የምመርጠው በእጄ ነው» ብለው መዳፋቸውን ዘረጉ። ባቄላውና ሽንብራው አለ።

«አንዲት ሴት ናት፣ እለፋት» አለ ሰይፉ ለጸሐፊው። ከዚያ ዓይኑ እኔ ላይ ዐረፈ። ፈገግ አለ። «ይቺ የሺ ደግሞ፣ ልጅ እያጠባች ስለሆነ ነው ያልተነሣችው። ተነሥታለች ብለህ ጻፍ።»

እኔ ፈሪ ነኝ። ባሌ ተኝቷል፣ ልጁ ጡቴ ላይ ነው፣ ቤቱ የሚኖረው በእኔ ደመወዝ ነው። ሰይፉ መውጫ በር ከፍቶልኛል፤ ዝም ማለት ብቻ ይበቃኛል። ዝም ብል ግን ያልሠራሁትን ሠራች ብሎ ሊጽፍብኝ ነው።

«አልተነሣሁም» አልኩ። ድምፄ ቀጭን ነበር። «እንደ ተነሣሁ አድርገህ አትጻፈኝ።»

አዴ ሶሬቲ ሳይዞሩ እጃቸውን ወደ ኋላ ሰደው ጉልበቴን ጨበጡት። ሰይፉ ወረቀቱን ከጸሐፊው ተቀብሎ አነበበ። «በሙሉ ድምፅ» አለ። ሁለት ሴቶች እዚያው ፊቱ ተቀምጠን።

የሚያናድደኝ መሸነፋችን አይደለም። ሰው ሁሉ በማሰሮው ባቄላ ጥሎለት ቢሆን እሺ እል ነበር። እሱ ግን የወሰደው ምግባራችንን ነው። እናቶቻችን ያስተማሩንን አክብሮት ወስዶ በራሳችን ላይ ፊርማ አደረገው። በገንዘብ ድንኳን ገዛ፣ በድንኳኑ ቁልፍ ያዘ፣ በቁልፉ አፋችንን ዘጋ፣ አፋችን ከተዘጋ በኋላ በጉልበታችን አስመረጠን።

በነጋታው ማሽኑ መሐል ሆነን በእጅ መከርን። አዴ ሶሬቲ «በለቅሶ ላይ በማሰሮ እንደገና እንምረጥና ውጤቱን ሐጂ ይዘው ለአውራጃ ያቅርቡ» አሉ። ሐጂ ሙዲንም እሺ ብለዋል። ግን ለቅሶ የለም። አንዷ «ዘመድ ሞተ ብለን እናልቅስ» ስትል ሁላችንም እጃችንን አወናጭፈን እምቢ አልን። በቁም ሰው ላይ ማልቀስ ሟርት ነው፣ ማን ደፍሮ የማንን ስም ይጠራል? «እኔን ሞታለች በሉ» አሉ አዴ ሶሬቲ። እሱንም አልደፈርንም። ስለዚህ የእውነት ሰው እስኪሞት ጠበቅን። እንዲህ ያለ ሕዝብ ነን፤ ድምፃችን ተወስዶ እንኳ በውሸት ማልቀስ ያስፈራናል።

የሞቱት ኦቦ ገመቹ ራሳቸው ሆኑ። ያ ማሰሮ እሳቸው ቤት ነበር። ድንኳኑ በዚያን ቀን ሳይዘገይ መጣ፤ ሰይፉ በሩ ላይ ተቀመጠ። ከጎኑ የማናውቃቸው ሁለት ሰዎች ጋቢ ለብሰው ተቀምጠዋል፤ ጫማቸው የፖሊስ ነው። እኛ ግን መላ አግኝተን ነበር። ለለቀስተኛ ንፍሮ ስለሚቀርብ ሴት ሁሉ እህል ይዛ ብትመጣ የሚጠረጥር የለም። ባቄላና ሽንብራ በነጠላችን ጫፍ ቋጥረን ገባን። ማሰሮውን ጓዳ አስቀመጥነው። ሴቶቹ ሊያለቅሱ የገቡ፣ ወንዶቹ ውኃ ሊጠጡ የገቡ እየመሰሉ አንድ በአንድ ገብተው ጣሉ። ከሰዓት በኋላ ሁሉም ጥሎ ጨረሰ፤ በየነጠላው የተረፈውንም እህል ከማሰሮው አጠገብ አስቀመጥነው። አዴ ሶሬቲ ማሰሮውን በነጠላ ሸፍነው፣ እኔን አስከትለው ሐጂን ለመጥራት ወጡ።

የኦቦ ገመቹ እህት ከገጠር መጥተው ነበር። ደግ ሴት ናቸው፤ እድሩንም ምክሩንም አያውቁም። ጓዳ ሲገቡ እህል ያለበት ማሰሮና አጠገቡ የተረፈውን እህል አገኙ። ንፍሮው ዘግይቷል ብለው አፈሩ። ሁሉንም ማሰሮው ውስጥ ገልብጠው ውኃ ጨምረው ጣዱት።

እኔና አዴ ሶሬቲ ሐጂን ስንፈልግ ቆይተን፣ ይዘናቸው ስንመለስ ንፍሮው ወጥቷል። ሴትዮዋ በሰፌድ ይዘው «ብሉ፣ ለነፍሱ ብላችሁ» ይላሉ። ሰይፉ አፍሶ ያላምጣል። ጋቢ የለበሱት ሁለቱም ያላምጣሉ። ሸማኔዎቹም፣ ያው እጃቸው የጣለውን፣ ማለፍ ነውር ሆኖባቸው ይበላሉ። አዴ ሶሬቲ ሰፌዱን አዩና ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። የሚያለቅሱ መስሎኝ ነበር፤ ሲስቁ ነበር። «ኢንተላ ኮ፣ እስቲ ቅመሺ፤ እሺ ነው እምቢ የሚለው?» አሉኝ። እኔ መሳቅ አልቻልኩም።

ነገሩ ግን ከሳቅ አለፈ። አንዱ ለአንዱ ሲያወራ ሰይፉ ጆሮ ደረሰ። በሠልስቱ ጋቢ የለበሱት ሰዎች ጋቢያቸውን ትተው በመለዮ መጡ። ያለ ፈቃድ ሰው ሰብስበሻል ተብለው አዴ ሶሬቲ ከለቅሶ ቤት ተወሰዱ። ሐጂ ሙዲን ዋስ ሆነው ባያስፈቷቸው የት ይቀሩ እንደነበር አላውቅም። ሲመለሱ ሥራ የለም። በእድሩ አዲሱ ዳኛ ትእዛዝ ስማቸው ተሰርዟል፤ ለቅሷቸውን የደረሰ ሰውም አብሮ ይሰረዛል ተባለ። ማሰሮ የቀረበ አልነበረም። ሰው እንዲነሣም አልተጠየቀም።

በዚያው ዓመት ጌታው ለሕዝብ እንደራሴነት ተወዳደረ። የመምረጫ ምልክቱ ድንኳን ነበር። በፋብሪካው ካሚዮን ተጭነን ወደ ምርጫ ጣቢያው ሄድን፤ በሩ ላይ ሰይፉ ቆሞ «ድንኳናችሁን አትርሱ» ይለናል። ሴቶቹ በቁማቸው ስለ ቀብራቸው እያሰቡ መረጡ። በራዲዮ ሕዝቡ በፈቃዱ መረጠ ተባለ። እንደራሴ ከሆነ በኋላ ስለ ሠራተኛ አንድ ቃል ተናገረ ሲባል አልሰማሁም።

እኔን ከማጠንጠኛ አንሥተው ብናኝ ጥጥ ወደሚለይበት ክፍል ወረወሩኝ። ደረቴ የተበላው እዚያ ነው። አዴ ሶሬቲ ዘመድ አለኝ ብለው ወደ ቡራዩ ሄዱ። በሄዱበት ጠዋት ፉሪ ድረስ መጥተው ልጄን ሳሙት፣ እጄንም ገልብጠው የእጄን ጀርባ ዳሰሱት። «ገና አልደነደነም» አሉኝ።

ባሌ ካረፈ በኋላ እኔም ቡራዩ ጆንያ መስፊያ ቤት ገባሁ። አለቃው ክፉ አልነበረም፤ ደመወዙ ትንሽ ነበር። እረፍት ባገኘሁ ቁጥር እሳቸውን ጠየቅኩ። ተከራይተው የነበሩበትን ቤት አገኘሁት። ባለቤቷ «እድር ልግባ ስትል ከየት እድር መጣሽ ይሏታል፣ የሰበታውን ስትጠራ ሰው ልከው ይጠይቃሉ፣ ከዚያ አይቀበሏትም። ሦስት እድር ሞክራለች» አለችኝ። «በመጨረሻ ወደ ሱሉልታ ሄዳለች፣ ከከብት ጋር መኖር ይሻለኛል ብላ።» ሱሉልታ ወተት መሰብሰቢያ ሥራ ሲገኝ ልጆቼን ይዤ የሄድኩት ለዚህ ነው። ጣሳ ሳጥብ ኖርኩ፣ ወተት የሚያመጣውን ገበሬ ሁሉ ጠየቅኩ። አየኋት የሚል አላገኘሁም።

ጌታው ሲሞት የሰበታው እድር ድንኳኑን ተክሎ ሦስት ቀን እንደተቀመጠለት ሰምቻለሁ። አንድም ሰው አልቀረም አሉኝ። የሚቀርስ ማን ደፍሮ?

አዴ ሶሬቲ ረጅም፣ ቀጭን፣ የተጂ ሴት ናቸው። ልጅ አልነበራቸውም። የግራ ጠቋሚ ጣታቸው ጫፍ ላይ ክር የቆረጠው ጠባሳ አለ። በተጂም፣ በቡራዩም፣ በሱሉልታም ያላችሁ፣ በሕይወት ካሉ የት እንዳሉ፣ ከሌሉም ማን እንደቀበራቸው የምታውቁ ንገሩኝ።